ደስበለ የሚመጣበት ማለዳ

በ1986፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰኔ ወር ላይ፣ ሬኒየር ቫሊ በነበረው አፓርታማችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ አባቴ ይርጉ፣ እናቴ ጽገረዳ እና የሰባት ዓመቱ እኔ፣ ማዕረግ። አራተኛዋ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበረች። አምስተኛው የእናቴ ታናሽ ወንድም ደስበለ ነው፤ እሱ የሚመጣው በካሴት ነበር።

ያን ሰኔ ዐሥራ ሦስት ቀን ዘነበ። የሲያትል ዝናብ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ልብስህ መርጠቡን የምታውቀው ቤት ስትገባ ነው። የዚያ ሰኔው ግን ይጮኽ ነበር። ከመስኮታችን ሥር የመኪና ማቆሚያው የቆርቆሮ ጣራ ስለነበረ፣ ሲበረታ እርስ በርስ ለመሰማማት ድምፃችንን ከፍ እናደርግ ነበር። ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ደረጃው ላይ ቆመው በጋውን ማን ወሰደው ይባባላሉ። የሳሎናችን ጣራ በሁለት ቦታ ያፈስ ነበር፤ አንዱ ሥር ድስት፣ አንዱ ሥር ለምትወለደው ልጅ የተገዛው የመታጠቢያ ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋውን አባቴ፣ ድስቱን እኔ እንደፋለን።

እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ነው የከረመችው። የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ሐኪሙ ከመታጠቢያ ቤት በቀር የትም እንዳትሄድ፣ እንዳትናደድ፣ እንዳትደነግጥ አዟል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰባት ወር ሞልቶት ሆዷ ውስጥ የሞተ ወንድም ነበረኝ። ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ አይወራም። አባቴ ስልክ ሲጮኽ ተሽቀዳድሞ የሚያነሣው፣ ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ከወለሉ በፊት እሷን የሚያየው በዚያ ምክንያት እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ አባቴ እናቴን የሚፈራት መስሎኝ ነበር።

ደስበለ ገዳሪፍ ነበር። እኛ ከሱዳን ስንወጣ የእሱ የአሜሪካ መግቢያ ፕሮሰስ አላለቀም ነበርና እዚያው ቀረ። እኔ የማስታውሰው ትከሻውን ነው፤ እላዩ ላይ ተቀምጬ ገበያ እንደሄድኩ አውቃለሁ፣ ፊቱ ግን አይመጣልኝም። ደብዳቤ መጻፍ ስለማይወድ ወደ አሜሪካ በሚመጣ ሰው እጅ ካሴት ይልካል። ሲናገር አንድ ልማድ ነበረው፦ ይጠይቅና ዝም ይላል፣ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠች ሁሉ። እናቴም ቴፑን እያየች ትመልስለታለች።

ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ቀን አባቴ ካሴት ይዞ ገባ።

"ከደስበለ ነው" አለ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

"አትለኝም" አለች እናቴ። "በል ቶሎ፣ እጅህን ጥረግና አስገባው።"

ካሴቱ ውስጥም ይዘንብ ነበር። እሱም የተቀመጠው ቆርቆሮ ሥር ነበር መሰለኝ፣ ከድምፁ ጀርባ ያው የእኛው ጩኸት አለ። ከቴፑ የሚወጣውን ዝናብ ከመስኮቱ ከሚገባው መለየት አቃተኝ።

"ጽጌ፣ እንዴት ነሽ? ሆድሽ የት ደረሰ?" አለና ዝም አለ።

"አፍንጫዬ ጋ" አለች እናቴ።

"ያ ልጅሽስ? አሁንም ፈሪ ነው?"

"ብሶበታል።"

"ማዕርጌ፣ አጎትህ ሲመጣ ዐሣ ማጥመድ አስተምርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ትሉን በእጅህ ትይዛለህ። ትይዛለህ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ያኔ ደስበለ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ፣ አባቴም ቁልፉን ተጭኖ አጠፋው።

"ለዛሬ ይበቃል።"

"ምነው ይርጉ፣ ገና ምኑን ሰማነው?"

"ሐኪሙ አትድከም ብሏል።"

"ወንድሜን መስማት ያደክማል?"

"ነገ ይቀጥላል። ትንሽ ትንሽ ሲሆን ይጥማል።"

ከዚያ በፊት ካሴት ሲመጣ እስከ መጨረሻው ሰምተን፣ አጠንጥነን እንደገና እንሰማ ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ ካሴቱን አውጥቶ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና፣ የእንግዶችን መኪና እያቆመ ወደሚሠራበት ሆቴል፣ አየር ማረፊያው ወዳለበት ወደ ሲታክ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሲመለስ አየሁት። መኪናውን ቆርቆሮው ሥር ሳያስገባ ደጅ አቆመ፣ ግን አልወረደም። አጠገቡ አንድ ሰው ተቀምጧል። የዝናብ ልብሱ ኮፍያ ፊቱን ሸፍኖታል። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጓል። መስኮቱን በጣት ያህል ከፈትሁት። ዝናቡ ለአፍታ ሲቀንስ ከመኪናው ውስጥ የደስበለ ድምፅ መጣ። የሚለው አልተሰማኝም፤ ድምፁ ግን የእሱ ነበር።

ኮፍያ ያደረጉት የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ዘመድኩን ነበሩ። ሁለቱ ካሴቱን ቀድመው የሚሰሙት፣ እናቴ ልትሰማው የማይገባ ሳል የቱ ጋ እንዳለ ለይተው፣ አባቴ ቁልፉን የሚጫንበትን ቦታ እንዲያውቅ ነበር። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ዘመድኩን ናቸው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ያየውን ነው የሚያምነው። እኔ ደስበለን አየሁት።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ፋንታዬ ልብሳችንን ሊያጥቡልን መጡ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ የእናቴ የጸሎት ጓደኛ ናቸው። ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቅርጫቱን ይዤ ተከተልኋቸው፣ ማድረቂያው ላይም አስቀመጡኝ። ከታች ይሞቀኛል። መስኮቱ በላብ ተሸፍኗል።

"በዚህ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን ካልሲም አልደርቅ አለ" አሉ እትዬ ፋንታዬ።

ጋሽ ዘመድኩንና አባቴ ከውጭ ገቡ። በሩን ዘጉት። ማሽኑ ስለሚጮኽ እርስ በርስ ተጠግተው ያወሩ ጀመር።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አሉ ጋሽ ዘመድኩን።

"ሁለት ሳምንት ይቀራታል አለ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው እስክትገላገል ማንም እንዳይተነፍስ።"

"ቸርች ውስጥ ያልሰማ የለም እኮ" አሉ እትዬ ፋንታዬ።

"የሰማ ሁሉ ዝም ይላል። ልጠይቃት የሚል ካለ ፊቱን አስተካክሎ ይምጣ።"

"ከወለደች በኋላስ?"

"ትንሽ ትጠና። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ላይ እንገባለን። ወንበሩ በቸርቹ ቫን ይመጣል።"

"ምግቡን ለእኔ ተዉት" አሉ እትዬ ፋንታዬ። የእኔን ሸሚዝ ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር። ያለቅሱ ነበር።

"እስከዚያ ስሙን ባትጠሩት ይሻላል።"

"እኔ ብተወው እሷ ትጠራዋለች፣ ጋሽ ዘመድኩን" አለ አባቴ። "በየቀኑ ደስበለ ምን አለ ትለኛለች። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?"

እትዬ ፋንታዬ ዓይናቸውን ወደ እኔ አደረጉ። "ልጁ" አሉ።

"ይህ ልጅ አማርኛው አልቋል፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰማው" አሉ ጋሽ ዘመድኩን፣ ጉልበቴንም መታ መታ አደረጉኝ።

እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። አማርኛዬ አልጎደለም። የጎደለኝ እንዲህ ያለ ማለዳ አይቼ አለማወቄ ነበር። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ግንቦት ውስጥ ክፍላችን ለመምህራችን ሰርፕራይዝ አድርጎላት ነበር። እሷ ብቻ እንዳትሰማ ለሁለት ሳምንት ተንሾካሾክን። የአንድ ልጅ እናት ምግብ አመጣች፣ ከሌላ ክፍል ወንበር ተበደርን፣ በዚያን ቀን ማለዳ እሷ ሳትመጣ ሁላችን ገብተን ጠበቅናት። በሩን ስትከፍት ደንግጣ አለቀሰች። አቀፈችን። ስለዚህ ማድረቂያው ላይ ተቀምጬ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ደስበለ መጥቷል። አባቴ የሆነ ቦታ ደብቆታል። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም።

ምስጢሩን የያዝኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በስድስተኛው ቀን አባቴ ሥራ ላይ ነበር። ድስቱን ደፍቼ ስመለስ እናቴ ጣራው ላይ ያለውን የውሃ ምልክት ታያለች።

"አጎትህ የላከው ካሴት ይገርማል" አለች። "ፕሮሰሱ የት እንደ ደረሰ አንድ ቃል አልተናገረም። ወይ አባትህ እዚያ ጋ አላደረሰውም።"

"እማዬ፣ ሲክሬት ብነግርሽ ለአባዬ ትናገሪያለሽ?"

"እንደ ሲክሬቱ ነው።"

"ጋሼ ደስበለ መጥቷል።"

ጭንቅላቷን ከትራሱ አነሣች። "የት መጥቷል?"

"እዚህ። አባዬ መኪና ውስጥ ከአባዬ ጋር አየሁት። ሰርፕራይዝ ሊያደርጉሽ ነው። ከወለድሽ በኋላ ማለዳ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ጋሽ ዘመድኩን፣ እትዬ ፋንታዬ፣ የቸርች ሰው ሁሉ። ወንበር በቫን ይመጣል። እስክትወልጂ ማንም እንዳይተነፍስ ተባብለዋል።"

ፊቷ እንዲበራ ጠበቅሁ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሌላኛውንም።

"ማን ነው እስክትወልድ ያለው?"

"ጋሽ ዘመድኩን።"

"አባትህ ምን አለ?"

"ስሙን በየቀኑ ትጠራዋለች አለ።"

"ያለቀሰ ሰው ነበር?"

"እትዬ ፋንታዬ። እሳቸው ግን ደስ ሲላቸው ያለቅሳሉ እኮ። ቸርች ውስጥም ያለቅሳሉ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰማን። ዓይኗን ወደ እግሬ አወረደች።

"ካልሲህ ርሷል" አለች በመጨረሻ። "አውልቀው፣ ብርድ ይመታሃል።"

አወለቅሁ።

"ሰርፕራይዝ ከሆነ እንግዲህ እኔ አልሰማሁም" አለች። "አንተም አልነገርከኝም። አባትህ ካወቀ ያዝናል። ኦኬ?"

"ኦኬ" አልኩ። "ግን ሲገቡ መደንገጥ አለብሽ። እጅሽን ጉንጭሽ ላይ አድርጊ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"እንደዚህ?"

"ትንሽ ቆየት ብለሽ።"

"እንደዚህ?"

"አዎ። ከዚያ ትስቂያለሽ።"

"ሳቁ ይቅርብኝ" አለች እናቴ። "እጄን ያዘኝና አስነሣኝ፤ መታጠቢያ ቤት ልግባ።"

በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ውጭ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ከመታጠቢያ ቤቱ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያቃስት። ግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧ ነው ብዬ አሰብሁ። ዝናቡ ሲቀንስ ድምፁም ተቋረጠ። እንደገና ሲበረታ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ይኖር ነበር። ዝናቡ ሲጮኽ ብቻ የሚመጣ፣ መታጠቢያ ቤት የሚኖር ነገር። ብቻዬን መግባት አቆምሁ፤ አባቴ በሩ ላይ እንዲቆምልኝ እለምነው ነበር። "አጎትህ ፈሪ ያለህ እውነቱን ነው" ይለኛል። እናቴ እሷ ውስጥ ስትሆን ድምፁ እንደሚመጣ፣ እሷ ስትወጣ እንደሚጠፋ አስተውያለሁ፤ የደረስኩበት ግን ነገሩ እናቴን እንደሚወዳት ብቻ ነበር።

አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ያን ካሴት ትንሽ ትንሽ ያሰማታል። ሁለተኛውን ገጽ በአንድ ሳምንት ልዩነት "አዲስ መጣ" ብሎ አስገባው። ያው ዝናብ ከጀርባው ይሰማል።

"ድምፁ ደህና ነው" ትላለች እናቴ።

"አዎ፣ ደህና ነው" ይላል አባቴ።

"ትንሽ የወፈረም ይመስላል።"

"አዎ፣ ሳይወፍር አልቀረም።"

አባቴ ፊቱ ፈታ ይላል፣ ሳህኖቹን ሲያጥብ መዝሙር ያንጎራጉራል። እናቴ ለቴፑ መልስ መስጠት አልተወችም፤ ግን በጊዜው አልነበረም። ደስበለ ጠይቆ ዝም ሲል እሷም ዝም ትላለች። እሱ ወደ ሌላ ወሬ ሲያልፍ ነው ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው። እኔም ከአባቴ ጀርባ ቆሜ በዓይኔ እጠቅሳታለሁ። ትጠቅሰኛለች።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አንድ ቀን ንጋት ላይ ቀሰቀሰኝ። ሊንውድ የሚኖር አንድ የቸርቻችን ሰው እናቱ አገር ቤት ሞታለች፣ መርዶ ልንነግረው እንሄዳለን፣ ወንበር የሚያወርድ ጉልበት ያስፈልጋል አለኝ። ዐሥራ ሁለት እንኳ አልሞላም ነበር። አፓርታማው ደረጃ ላይ ዐሥር ያህል ሰዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆመዋል። ይንሾካሾካሉ። አንዷ ትልቅ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ከቫኑ ሁለት ወንበር በአንድ እጄ፣ ሁለት በሌላው ይዤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ማየት ጀመርሁ። ማድረቂያውን፣ ሸሚዜ ላይ የፈሰሰውን እንባ፣ የእናቴን ጥያቄዎች አንድ በአንድ። ያለቀሰ ሰው ነበር? ከኋላዬ ያለው ሰው "እለፍ እንጂ" አለኝ። ማለፍ አልቻልኩም።

ደስበለ የሞተው በወባ ነው፤ ካሴቱ ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት አባቴ ሥራ ቦታ ተደውሎ ተነግሮታል። ሰው ሁሉ ለእናቴ ያስቀመጠላት፣ ወንድሟ በሕይወት ያለበት ጥቂት ሳምንት ነበር። እኔ ከዚያ ላይ ሃያ ሰባት ቀን ወሰድሁባት። ሃያ ሰባት ቀን ብቻዋን ያዘችው፣ ሆዷ ውስጥ ያለችው እንዳትሞት። ከሁሉም የሚከብደኝ ያ ያለማመድኋት ድንጋጤ ነው። ከሊንውድ ስመለስ ልጠይቃት አሰብሁ። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን ተቀብዬ ከተፍሁላት እንጂ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም።

የዚያ ሰኔ ዝናብ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጧት ቆመ። አባቴ መስኮቱን ከፈተና "ተመስገን" አለ። ፀሐይ ወጣች። ጎረቤቶቻችን ምንጣፍ አውጥተው አጥሩ ላይ ሰቀሉ።

"ምነው ትንሽ ቢቆይ" አለች እናቴ።

"ጣራው እላያችን ላይ እስኪወድቅ?"

"ለምጄው ነበር እኮ።"

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ አንዳች ድምፅ አልተሰማም። እናቴ ትገባለች፣ ትቆያለች፣ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች። በአምስተኛው ቀን ምጥ ያዛት፤ እህቴ በሰላም ተወለደች። ሆስፒታሉ ውስጥ አባቴ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አየሁት። ነርሷ ውሃ አመጣችለት። ስሟን ማን እንበላት ሲላት እናቴ "ቆይ" አለችው። በወረቀቱ ላይ ስሟ ባዶ ቀረ።

እህቴ ዐሥራ አምስት ቀን በሞላት ማለዳ እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነቅቻለሁ። አባቴ ከመንጋቱ በፊት ለብሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ስለዚህ ቀኑ እንደደረሰ አወቅሁ። የቸርች ሸሚዜን ለበስሁ። ሲንኳኳ አባቴ ከሁለተኛው ምት በፊት ከፈተ።

ገቡ። ጋሽ ዘመድኩን፣ እትዬ ፋንታዬ፣ ሌሎችም፤ ዐሥራ አንድ ሰው ቆጠርሁ። ጫማቸውን በር ላይ አላወለቁም። እናቴ ሶፋው ላይ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። አየቻቸው። እጇን ወደ ጉንጯ አልወሰደችም። ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀች፣ አፏን በፎጣው ጠረገችላት፣ ከዚያ ጋሽ ዘመድኩን አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጅቷን ወደ እትዬ ፋንታዬ ዘረጋቻት።

"ያዙልኝ" አለች።

እትዬ ፋንታዬ ተቀበሏት። አባቴ እናቴን አየ። ምን እንዳየ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ወንበሩን ጨብጦ የቆመውን እጁን ግን አሁንም አየዋለሁ። ስለዚያ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ በሩ ጋ ነበርሁ። የመጨረሻው ሰው ገባ፣ ደስበለ ግን አልገባም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተመለከትሁ። ወረድሁ። የአባቴ መኪና ውስጥ ማንም የለም። ቫኑ ጋ ሄድሁ፣ ሥዩም የሚባል የመዘምራን ልጅ ወንበር ያወርዳል።

"ማንን ትፈልጋለህ፣ ማዕረግ?" አለኝ።

"ጋሼ ደስበለን። ውስጥ ነው?"

ሥዩም የያዘውን ወንበር መሬት ላይ አስቀመጠ። ዘርግቶ አስቀመጠኝ። እሱም ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ያኔ ከላይ፣ ከእኛ መስኮት፣ ያ ድምፅ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዝናብ ሰማሁት፣ የማን እንደ ሆነም አወቅሁ።

ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን ሥዩም ወንበሮቹን ወደ ቸርች መለሰ። እናቴ ለሕፃኗ ትሁን የሚል ስም አወጣችላት። አባቴ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባ።